የካርቦሃይድሬት መፈጨትን በላቦራቶሪ አስመስሎ የደም ስኳር ምላሽን መገመት፦ ከናሙና ዝግጅት እስከ ስሌት

ቅቅል ምስርንና ነጭ ዳቦን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ስሞክር ሁለቱንም አድርቄ በላቦራቶሪ ወፍጮ አልሜ ነበር የጀመርኩት። ኢንዛይም ጨምሬ በ20ኛው ደቂቃ ስለካ ሁለቱ ቱቦዎች የሰጡኝ ግሉኮስ ተቀራራቢ ሆነ። ሰው በልቶት ሲለካ ግን ምስር የደም ስኳርን ከዳቦ እጅግ ባነሰ መጠን ነው ከፍ የሚያደርገው። ኢንዛይሙን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ስፔክትሮፎቶሜትሩን (የቀለምን ድምቀት በብርሃን የሚለካውን መሣሪያ) ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ችግሩ ከወፍጮው ኖሯል። የምስር ስታርች (ከግሉኮስ ሰንሰለት የተሠራው ዋናው ካርቦሃይድሬቱ) በጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚፈጨውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ግድግዳውን በወፍጮ አፍርሼ ስታርቹን ለኢንዛይም አጋልጬ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነው። ውጤቱ በአብዛኛው የሚወሰነው የኢንዛይሙ ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት፣ ናሙናው በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የቀረው ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም።

ምኑን ነው የምናስመስለው?

ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ1981 አስተዋወቁት። ሰዎች 50 ግራም ሊፈጭ የሚችል ካርቦሃይድሬት ያለው ምግብ ይበላሉ፤ የደም ስኳራቸው ለ2 ሰዓት እየተለካ ከጾም መነሻው በላይ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ይሰላል። ይህ ስፋት እነዚያው ሰዎች ግሉኮስ ወይም ነጭ ዳቦ ወስደው ካሳዩት ስፋት ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ይነገራል። ግሉኮስን 100 ብሎ በሚነሳው መለኪያ 55 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ ከ56 እስከ 69 መካከለኛ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። አይ ኤስ ኦ 26642 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ ሥራ ቢያንስ 10 ጤናማ ሰዎች ይጠይቃል። አንድን ሩዝ በአሥር ዓይነት አበሳሰል አዘጋጅቶ ለማወዳደር የሰው ጥናት የሚታሰብ ስላልሆነ ነው ወደ ቱቦ የምንሄደው።

በሰውነት ውስጥ የስታርች መፈጨት በአፍ፣ ስታርችን በሚቆርጠው የምራቅ ኢንዛይም፣ በአሚሌዝ ይጀምራል። በጨጓራ ያለው ፔፕሲን ስታርችን አይቆርጥም፤ ግን ስታርቹን የከበበውን ፕሮቲን ስለሚፈታ መንገድ ይከፍታል። ዋናው ሥራ የቆሽት አሚሌዝ ነው። እሱ ግን ስታርችን እስከ ግሉኮስ አያደርሰውም፤ ማልቶስ፣ ማልቶትራዮስና ቅርንጫፍ ያላቸው ቁርጥራጮች ላይ ያቆማል። የመጨረሻውን ቆረጣ የሚሠሩት በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የተተከሉት ማልቴዝ-ግሉኮአሚሌዝና ሱክሬዝ-አይሶማልቴዝ ናቸው።

ከአሳማ ቆሽት የሚዘጋጀው የኢንዛይሞች ድብልቅ፣ ፓንክሪያቲን፣ እነዚህን የግድግዳ ኢንዛይሞች አይተካም። ስለዚህ አስፐርጊለስ ናይጀር ከተባለ ሻጋታ የሚገኝ አሚሎግሉኮሲዴዝ እንጨምራለን። ይህን ረስቶ ግሉኮስ ብቻ የሚለካ ሰው ቱቦው ውስጥ ማልቶስ ሞልቶ ሳለ “አልተፈጨም” ብሎ ይጽፋል።

የትኛውን አሠራር እንከተል?

በሰፊው የሚሠራባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ኢንግሊስትና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት አሠራር ስታርችን በሦስት ይከፍላል፦ እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጨው ፈጣን፣ ከ20 እስከ 120 ደቂቃ የሚፈጨው ዝግተኛ፣ ከ120 ደቂቃ በኋላም የሚቀረው ተቋቋሚ ስታርች ይባላል። የጎኚና ባልደረቦቿ የ1997 አሠራር በየ30 ደቂቃው እስከ 180 ደቂቃ ናሙና እየወሰደ የመፈጨቱን ሙሉ መስመር ይስላል። ሦስተኛው ኢንፎጀስት ነው፤ በ2014 ወጥቶ በ2019 የተሻሻለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲሆን አፍን 2 ደቂቃ፣ ጨጓራን በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 3 ለ2 ሰዓት፣ አንጀትን በፒኤች 7 ለ2 ሰዓት ያስኬዳል።

ኢንፎጀስት ከሌሎች ላቦራቶሪዎች ጋር ለመነጋገር በጣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአንጀት ግድግዳ ኢንዛይሞችን በመሠረታዊ አሠራሩ ስለማያካትት ለስታርች ሲሆን ራሳችሁ ማሟላት ይኖርባችኋል። ሥራችሁ የስታርች ፍጥነትን ማወዳደር ከሆነ የምመክረው የኢንግሊስትን አሠራር ይዞ የናሙና መውሰጃ ሰዓቶቹን ማብዛት ነው። ከዚህ በታች ያለው በዚሁ መሠረት የተዘጋጀ ነው።

የሚያስፈልገው

የሚወዘውዝ ዋተር ባዝ (ሙቀቱ የማይለዋወጥ የውሃ ገንዳ)፣ ሴንትሪፊውጅ፣ ፒኤች ሜትር፣ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ክዳን ያላቸው ቱቦዎች፣ ለእያንዳንዱ ቱቦ አምስት የብርጭቆ ብይ። ከኬሚካል ፔፕሲን፣ ፓንክሪያቲን፣ አሚሎግሉኮሲዴዝ፣ ኢንቨርቴዝ፣ ጉዋር ጋም፣ 0.05 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 0.25 ሞላር ሶዲየም አሲቴት፣ 66 በመቶ ኢታኖል፣ እንዲሁም የግሉኮስ ኦክሲዴዝ-ፐርኦክሲዴዝ መለኪያ ውህድ። የኢንዛይም ዱቄት ሲተነፈስ አለርጂ ያስነሳል፤ ስትመዝኑ ጭምብል አድርጉ፣ የአየር ማራገቢያም አጥፉ።

ደረጃ 1፦ ናሙናውን እንደሚበላው አድርጎ ማዘጋጀት

ምግቡ ሰው በሚበላበት ሁኔታ፣ በስሎና እርጥበቱን እንደያዘ ይሠራ። አድርቆ ማላም፣ በብሌንደር መምታት፣ በጥሩ ወንፊት መንፋት የለም። የኢንግሊስት አሠራር ምግቡን 9 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ባሉት የሥጋ መፍጫ ያሳልፈዋል። ይህ ማኘክን በሚገባ ይተካል፤ ቁርጥራጩ ቁርጥራጭ እንደሆነ ይቀራል። ግራንፌልትና ባልደረቦቿ በ1992 ባቀረቡት አሠራር ደግሞ ሰዎች ራሳቸው 15 ጊዜ አኝከው ይተፉታል። ለእውነታው የቀረበ ነው፤ ግን የሰውና የሰው ምራቅ ስለሚለያይ የውጤቱ መበታተን ይጨምራል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድም ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓት ነው። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ በማብሰል የተበተኑት ሰንሰለቶቹ መልሰው ይያያዛሉ፤ ኢንዛይም በቀላሉ የማይገባበት መዋቅርም ይሠራሉ። ከድስት በወጣ ድንችና በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ባደረ ድንች መካከል ያለው ልዩነት ቱቦ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ከእሳት ከወጣበት እስከ ሚዛን ያለውን ጊዜ ወስኑ፤ ለምሳሌ 15 ደቂቃ ካላችሁ ለሁሉም ናሙና 15 ደቂቃ ይሁን። ማሞቅ ካለም እንዴትና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ቱቦ 0.5 ግራም ስታርች የሚይዝ መጠን መዝኑ። ጠቅላላ ስታርቹን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ኤ ኦ ኤ ሲ የተባለው የትንተና ዘዴዎች ማኅበር 996.11 ዘዴ ለዚህ በቂ ነው። ተቋቋሚ ስታርች የሚበዛበት ምግብ ከሆነ በ2 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በበረዶ ላይ የማሟሟቱ እርምጃ እንዳይዘለል። እንዳለ ሲመዘን 45 በመቶ ስታርች ያለው ዳቦ ከሆነ 1.11 ግራም ትወስዳላችሁ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቁራሽ ነው፤ ቅርፊቱና ልቡ እኩል ላይደርሰው ይችላል። ሦስት ቱቦ ለአንድ ናሙና ዝቅተኛው ነው።

ደረጃ 2፦ ማመሳከሪያና ባዶ ቱቦዎች

በየዙሩ ሦስት ነገር አብሮ ይሂድ፦ ምግብ የሌለበት ኢንዛይም ብቻ ያለው ቱቦ፣ ማመሳከሪያ ነጭ ዳቦ፣ እና የናሙናው ነጻ ስኳር የሚለካበት ቱቦ (ፓንክሪያቲንና አሚሎግሉኮሲዴዝ የሌለበት፣ ኢንቨርቴዝ ግን ያለበት)። ኢንቨርቴዙ ሱክሮስን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል።

ማመሳከሪያ ዳቦውን ከአንድ ሊጥ ጋግሩ፤ በየዙሩ የሚበቃውን ቁራጭ ለየብቻው ጠቅልላችሁ በፍሪዘር አቆዩ፤ አፈታቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። የዛሬው ዳቦ ከባለፈው ዙር በጣም ከራቀ የዕለቱን ሥራ በሙሉ ድገሙት። ይህ ሲያበሳጭ አይቻለሁ፤ ግን የተለወጠ ኢንዛይም ወይም የቀዘቀዘ ዋተር ባዝ የሚያዘው በዚህ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ጨጓራ

በእያንዳንዱ ሊትር 5 ግራም ፔፕሲንና 5 ግራም ጉዋር ጋም ያለበትን 0.05 ሞላር አሲድ ሥሩ። ጉዋር ጋሙ ፈሳሹን ወፈር አድርጎ ቁርጥራጮቹ ታች እንዳይዘቅጡ ይይዛቸዋል። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር በናሙናው ላይ ጨምሩና በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆዩ። ፕሮቲን የሚበዛባቸው እንደ ፓስታ ያሉ ምግቦች ላይ ይህን እርምጃ መዝለል ውጤቱን ይለውጠዋል።

ደረጃ 4፦ አንጀት

3 ግራም ፓንክሪያቲን በ20 ሚሊ ሊትር ውሃ ለ10 ደቂቃ አማስሉ፤ በ1500 ጂ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ አድርጋችሁ ከላይ የጠራውን ብቻ ውሰዱ። አሚሎግሉኮሲዴዝና ኢንቨርቴዝ ጨምሩበት። በዕለቱ ይሠራል፣ በዕለቱ ያልቃል፤ ለነገ አይቀመጥም።

አሚሎግሉኮሲዴዙ በቂ መሆኑን የምታውቁበት ቀላል ፈተና አለ። በአንድ ቱቦ መጠኑን እጥፍ አድርጉት። የ20ኛው ደቂቃ ግሉኮስ ካልተለወጠ በቂ ነበር ማለት ነው፤ ከዘለለ ግን እስካሁን የለካችሁት የምግቡን ሳይሆን የአሚሎግሉኮሲዴዙን ፍጥነት ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የዩኒት ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ አምራቾች ዩኒትን የሚለኩበት ዘዴ ስለሚለያይ የአንዱ 100 ከሌላው 100 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። አዲስ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር በማመሳከሪያ ዳቦው አረጋግጡ።

አሁን ወደ ቱቦው 10 ሚሊ ሊትር የ0.25 ሞላር ሶዲየም አሲቴት ጨምሩ፤ ፒኤቹ 5.2 አካባቢ ይመጣል፤ በሜትር አረጋግጡ። የቆሽት አሚሌዝ ወደ 7፣ አሚሎግሉኮሲዴዝ ወደ 4.5 ስለሚያደላ 5.2 ሁለቱንም የሚያሠራ መሃል ቤት ነው። አምስቱን ብዮች ጨምሩ፣ ቱቦውን 37 ዲግሪ እስኪደርስ አቆዩት፤ ከዚያ የዜሮ ደቂቃ ናሙና ውሰዱ። ቀጥሎ 5 ሚሊ ሊትር ኢንዛይም ጨምራችሁ ሰዓት አስነሱ፤ ጠቅላላ ይዘቱ 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

ቱቦዎቹ አግድም ተኝተው በደቂቃ 160 ጊዜ ይወዝወዙ። በውዝወዛው ብዮቹ ቁርጥራጩን እየመቱ ይሰባብሩታል፤ የጨጓራና የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚተካው ይህ ነው። ፍጥነቱን ወይም የብዮቹን ቁጥር የለወጠ ሰው ሌላ ሙከራ ነው የሠራው። የመጀመሪያውን ቱቦ ካስነሳችሁ በኋላ ቀጣዩን በአንድ ደቂቃ ልዩነት አስነሱ፤ አለዚያ በ5ኛው ደቂቃ አሥር ቱቦ በአንዴ ይጠራችኋል።

ደረጃ 5፦ ናሙና መውሰድና ማቆም

በ5፣ 10፣ 20፣ 30፣ 60፣ 90፣ 120 እና 180 ደቂቃ 0.25 ሚሊ ሊትር እየወሰዳችሁ 10 ሚሊ ሊትር 66 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ክተቱ። ኢታኖሉ ኢንዛይሙን እዚያው ያስቆመዋል። ብዙዎች በፈላ ውሃ ማቆምን ይመርጣሉ፤ እኔ አልወደውም። ከ37 ዲግሪ ወደ መፍላት በሚወስደው መንገድ ኢንዛይሙ ከመሞቱ በፊት ይፋጠናል፤ ያልተፈጨው ስታርችም ይበስላል። በተለይ የ5ና የ10 ደቂቃ ቁጥሮች በዚህ ይበላሻሉ።

ፒፔቱ በቁርጥራጭ እንዳይደፈን ጫፉ የተቆረጠ ቲፕ ተጠቀሙ። የወጣውን በባፈር (ፒኤችን በሚጠብቅ ፈሳሽ) አትተኩ፤ ከተካችሁ በየጊዜው የመቅጠኑን ስሌት መሥራት ግድ ይሆናል። በደንብ ከተበጠበጠ ቱቦ የተወሰደ ናሙና ግን የቀረውን ውህድ መጠነ ይዘት ስለማይለውጥ በመነሻው 25 ሚሊ ሊትር ማስላት ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ግሉኮስን መለካት

የኢታኖሉን ናሙና ሴንትሪፊውጅ አድርጉ። ከጠራው 0.1 ሚሊ ሊትር ከ3 ሚሊ ሊትር የግሉኮስ ኦክሲዴዝ-ፐርኦክሲዴዝ ውህድ ጋር ቀላቅሉ፣ በ40–50 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አቆዩ፣ በ510 ናኖሜትር አንብቡ። ሮዝ ቀለሙ በጨመረ ቁጥር ግሉኮሱ ብዙ ነው። በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም የሆነውን ደረጃ ግሉኮስ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጁት፤ ኢንዛይሙ የሚያውቀው ቤታ የሚባለውን የግሉኮስ ቅርጽ ስለሆነ አዲስ የሟሟ ግሉኮስ ሚዛኑን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል።

ዲኤንኤስ የሚባለው በ540 ናኖሜትር የሚነበበው ዘዴ ርካሽ ነው፤ ግን ማልቶስንም ግሉኮስንም አንድ ላይ ይቆጥራል። ስኳራቸው የተለያየ ምግቦችን ለማወዳደር አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቫይታሚን ሲ የሚበዛባቸው ናሙናዎች ቀለሙን ያፍኑታል። የሚታወቅ መጠን ግሉኮስ ናሙናው ላይ ጨምራችሁ መልሳችሁ ማግኘታችሁን ፈትሹ። ፍሩክቶስ ደግሞ በዚህ መለኪያ አይታይም፤ ላክቶስም ላክቴዝ ካልተጨመረ እንደተዘጋ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ስሌት

የባዶው ቱቦ ንባብ ከተቀነሰ በኋላ ደረጃ ግሉኮሱ 1.040፣ የ20ኛው ደቂቃ ናሙና 0.260 አነበበ እንበል። ሬሾው 0.25 ነው። በ41 (0.25 ሚሊ ሊትሩ ናሙና ወደ 10.25 ሚሊ ሊትር መቅጠኑ) እና በ25 (የቱቦው ይዘት በሚሊ ሊትር) ሲባዛ 256 ሚሊግራም ግሉኮስ ይሰጣል። ስታርች ሲፈጨ በየቁርጡ ውሃ ስለሚገባበት ወደ ስታርች ለመመለስ በ0.9 ይባዛል፤ 231 ሚሊግራም ይሆናል። ከ500 ሚሊግራም አንጻር 46 በመቶ ነው። በ20ኛው ደቂቃ ካለው ግሉኮስ ነጻውን ቀንሳችሁ በ0.9 ስታባዙ ፈጣን ስታርች፣ የ120ኛው ከ20ኛው ሲቀነስና በ0.9 ሲባዛ ዝግተኛ ስታርች፣ ከጠቅላላው የቀረው ተቋቋሚ ነው። ነጻው ሳይቀነስ ያለው የ20ኛው ደቂቃ ግሉኮስ “በፍጥነት የሚገኝ ግሉኮስ” ይባላል። ለደም ስኳር ምላሽ በጣም የሚቀርበው ቁጥር እሱ ስለሆነ በሪፖርታችሁ ፊት ለፊት አስቀምጡት።

ሙሉውን መስመር ለመግለጽ ይህን ቀመር ከነጥቦቹ ጋር አስማሙ፦

የተፈጨ በመቶኛ = መ × (1 − 2.718^(−ፍ × ጊ))

“መ” በመጨረሻ የሚደረስበት ጣሪያ፣ “ፍ” በደቂቃ የፍጥነት ቁጥር፣ “ጊ” ደቂቃ ነው። የኤክሴል ሶልቨር ይበቃል። ከዜሮ እስከ 180 ደቂቃ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ደግሞ፦

ስፋት = መ × 180 − (መ ÷ ፍ) × (1 − 2.718^(−ፍ × 180))

ለማሳያ ብቻ ቁጥር ላስቀምጥ። ማመሳከሪያ ዳቦው መ 85፣ ፍ 0.05 ከሆነ ስፋቱ 13,600 ነው። ናሙናው መ 50፣ ፍ 0.02 ከሆነ 6,568 ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 48.3 ይመጣል፤ ይህ የመፈጨት ኢንዴክስ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ማሻገር

በብዛት የሚታየው የጎኚ ቀመር እንዲህ ነው፦ ግምታዊ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ = 39.71 + 0.549 × የመፈጨት ኢንዴክስ። የግራንፌልት ደግሞ 8.198 + 0.862 × የመፈጨት ኢንዴክስ ነው። የእኛን 48.3 በመጀመሪያው ስታሰሉ 66፣ በሁለተኛው 50 ታገኛላችሁ። አንድ ናሙና፣ አንድ ቱቦ፣ ሁለት መልስ።

ምክንያቱን ለማየት የመፈጨት ኢንዴክሱን 100 አድርጉት፤ ሁለቱም 94.5 አካባቢ ይገናኛሉ። ዜሮ አድርጉት፤ ጎኚ 39.71 ይላል። ምንም ስታርች ያልተፈጨበት አሸዋ ቢገባ እንኳ ወደ 40 ይሰጣል ማለት ነው። ቀመሮቹ የተሠሩት በተወሰኑ ምግቦችና በራሳቸው የቱቦ አሠራር ላይ ስለሆነ ከዚያ ክልል ውጭ፣ በተለይ ዝቅተኛው ጫፍ ላይ፣ አያገለግሉም። ደግሞም የራሳችሁ ፒኤች፣ ውዝወዛና ኢንዛይም ቀመሩን ካወጡት ሰዎች ከተለየ የእነሱን ቋሚ ቁጥር መዋስ ትክክል አይደለም። የሚሻለው በሰው ላይ ግላይሴሚክ ኢንዴክሳቸው የተለካ፣ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ የተዘረጉ ምግቦችን በራሳችሁ አሠራር አስኬዳችሁ የራሳችሁን መስመር መሥራት ነው።

እነዚህ ቀመሮች ነጭ ዳቦን 100 ብለው የሚነሱ መሆናቸውም አይረሳ። ግሉኮስን 100 ወደሚለው መለኪያ ለመሻገር በ0.7 ገደማ ይባዛል። ከላይ ያለው 66 እንግዲህ 46 ይሆናል፤ ከ“መካከለኛ” ወደ “ዝቅተኛ” ወረደ። የትኛውን መነሻ እንደያዙ ሳይጽፉ ቁጥር የሚያወጡ ጽሑፎችን ባየሁ ቁጥር የምናደደው በዚህ ነው፤ ያንን ቁጥር አይቶ ምግቡን የሚመርጥ የስኳር ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል።

ቱቦው የማያየው

ቱቦ ውስጥ ኢንሱሊን የለም። ስብና ፕሮቲን ጨጓራን ዘግይቶ እንዲለቅ ማድረጋቸው አይታይም፤ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ቱቦ ውስጥ ካልተቀባው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ በሰው ላይ ሊለይ ይችላል። በፍሩክቶስ የሚጣፍጡ ምግቦችም እንዲሁ ከዚህ መለኪያ ያመልጣሉ። አሠራሩ የሚያስተማምነው ስታርቻቸው ዋና የሆነ፣ ስባቸው የተቀራረበ ምግቦችን፣ ይልቁንም የአንዱን ምግብ የተለያየ አዘገጃጀት ለማወዳደር ነው። ለዚያ ሥራ ግን ከልቤ እመክረዋለሁ፤ በአንድ ሳምንት ሥራ የትኛው አበሳሰል ወደ ሰው ጥናት መሄድ እንዳለበት ይለይላችኋል።

ሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ጋር እነዚህ አይቅሩ፦ ናሙናው በምን ተቆራረጠ፣ ከእሳት ከወጣ ስንት ደቂቃ ሆነው፣ ቀዝቅዞ ነበር ወይ፣ የኢንዛይሙ የለካችሁት አቅም፣ የውዝወዛው ፍጥነት፣ የማመሳከሪያ ዳቦው ውጤት በዚያው ዕለት፣ የተጠቀማችሁበት ቀመርና መነሻው ዳቦ ወይስ ግሉኮስ መሆኑ። የሦስቱ ቱቦዎች ውጤትም በአማካይ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ይቀመጥ።